ተሳቢ ቤት፥ ሦስት ልጆችና አንድ የሰዓት ሠሌዳ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ከትንንሽ ልጆች ጋር ረጅም መንገድ ሄደህ ታውቃለህን? ሄደህ እንደ ሆነ የዛሬውን ጨዋታዬን ገና ሳልጀምረው ግማሹን ዐውቀኸዋል። አልሄድህ እንደ ሆነ ግን ጥቂት ታገሠኝ። ዛሬ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት፥ ነገም አባት ወይም እናት መሆንህ አይቀርምና፥ ነገሩ ሳይደርስብህ አስቀድመህ ብትሰማው ይጠቅምሃል እንጂ አይጎዳህም።

ካራቫን የሚለው የባዕድ ቃል በኛ አገር ያለው አቻ ሲራራ ነው። አያቴ በጕብዝናቸው ዘመን በቅሎና አጋሰስ ጭነው ከገበያ ወደ ገበያ የሚዞሩትን ነጋዴዎች ተከትለው ብዙ አገር ዐይተዋል። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ስለዚያ ኑሮ ሲያጫውቱን፥ «ሲራራ የሚሄደው በብርቱው በቅሎ ልክ አይደለም፤ በደካማው አጋሰስ ልክ ነው» ሳይሉ አያልፉም ነበር። ብርቱው ቀድሞ ቢሄድ ሽፍታ ያገኘዋል፤ ደካማው ወደ ኋላ ቢቀር ጅብ ይበላዋል፤ ስለዚህ ሁሉም እኩል ይሄዳል ማለታቸው ነው። እኔም ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ትርጓሜው በርግጥ የገባኝ ግን ባለፈው ክረምት፥ ከአያቴ አገር እጅግ ርቄ፥ በእንግሊዝ አገር ነው።

እንግሊዞች ዛሬ ካራቫን የሚሉት መኪና በስተኋላው የሚስበውን፥ በመንኰራኵር ላይ የተሠራ ቤት ነው። የኛ የከባድ መኪና ነጂዎች ተሳቢ እንደሚሉት ያለ ነው፤ ልዩነቱ እህልና ሲሚንቶ በመጫን ፈንታ አልጋ፥ ምድጃ፥ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ መያዙ ነው። ይህን ነገር ለመዝናኛ በማዋል ረገድ ስሙ የሚነሣው ዶክተር ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ሰው ነው። እርሱም በእንግሊዝ ባሕር ኀይል ሐኪም የነበረ፥ ኋላም ለልጆች ታሪክ በመጻፍ የታወቀ ሲሆን፥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1885 ብሪስቶል በሚገኝ ፋብሪካ «ዘዋሪው» ብሎ የሰየመውን ቤት አሠርቶ፥ በሁለት ፈረሶች እያሳበ እስከ ስኮትላንድ ተጓዘበት። በ1907 የተሳቢ ቤት ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ፈረሱ ቀርቶ መኪና ተተካ። እነሆ ዛሬ የትምህርት ቤት ዕረፍት በደረሰ ቍጥር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ እነዚህ ነጫጭ ቤቶች ይሞሉታል።

ታላቅ እኅቴ በለንደን ከተማ ነርስ ናት፤ ባሏ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ የ9 ዓመት፥ መካከለኛው ወንድ ልጅ የ6 ዓመት፥ የመጨረሻዋ ሚጣ የ2 ዓመት ናት። የኛ የክረምት ዕረፍትና የነሱ የበጋ ዕረፍት በአንድ ወራት ስለሚውል፥ እኅቴ የመሳፈሪያውን ዋጋ ልካልኝ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ከልጆቹ ጋር ከዚያ በፊት የምንተዋወቀው በስልክ መስኮት ብቻ ነበር። «አጎቴ» ይሉኛል፤ ከዚያ ወዲያ የሚናገሩት ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። አማቼ አንድ የሥራ ባልደረባው ተሳቢ ቤቱን ለአንድ ሳምንት ስላዋሰው፥ «አንተም መጥተሃል፥ ልጆቹም ባሕር ያያሉ፤ እንሂድ» አለ። ያሰብነው ስፍራ ከለንደን ወደ ደቡብ ምዕራብ 240 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የዶርሴት ባሕር ዳር ነበር።

እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ፤ አስተማሪ ያለ ሠሌዳ አይኖርም። ሦስት ቀን ካርታ ስመረምር ሰነበትሁና ጕዞውን በክፍለ ጊዜ አካፈልሁት። በኛ ሰዓት አቈጣጠር ቅዳሜ ከጧቱ 12 ሰዓት መነሣት፤ 3 ሰዓት ላይ የስቶንሄንጅን ድንጋዮች መጐብኘት፤ 7 ሰዓት ባሕር ዳር ምሳ፤ እሑድ እዚህ፥ ሰኞ እዚያ። በትልቅ ወረቀት ላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ጽፌ ለጠፍሁት። አማቼ «ይህ ነው ትምህርት!» ብሎ አደነቀኝ። እኅቴ ግን ከላይ እስከ ታች አነበበችና፥ «ወንድምዓለም፥ ሚጣ መቼ ነው የምትተኛው?» አለችኝ። በውነቱ ለሚጣ እንቅልፍ ክፍለ ጊዜ አልመደብሁም ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት የደረሰን ገና ከደጅ ሳንወጣ ነው። ተሳቢ ቤት እንደ ጓዳ ደስ ባለን በኩል የሚሞላ አይደለም። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፥ ከመንኰራኵሩ አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ በመኪናው ማያያዣ ላይ የሚያርፈውም ክብደት ከጠቅላላው ከመቶ 5 እስከ 7 እንዲሆን ይመከራል። ከበስተኋላ የከበደ እንደ ሆነ፥ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር እንደ እባብ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውንም ይዞ ሊገለብጥ ይችላል። አያቴ ይህን ቢሰሙ ባልደነቃቸው፤ አጋሰስም ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ገደል ይገባል። ስለዚህ እኅቴ ለስንቅ ያዘጋጀችው ድርቆሽ፥ በሶ፥ ቆሎና ሽሮ ከኋለኛው ቁም ሣጥን ወጥቶ ወደ መካከል ተዛወረ። ደግሞም ተሳቢው በሚሳብበት ጊዜ ሰው በውስጡ እንዳይቀመጥ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ስድስታችንም ከነልጆቹ መቀመጫ በመኪናው ውስጥ ተጠጋግተን ገባን።

በ12 ሰዓት መነሣት የነበረብን ሰዎች በ3 ሰዓት ተነሣን። ከለንደን ገና ሳንርቅ መካከለኛው ልጅ አስመለሰው፤ ቆምን፥ ልብስ ለወጥን። ሚጣ ያለ ሰዓቷ ተቀስቅሳ ስለ ነበር አለቀሰች፤ አሁንም ቆምን። ትልቋ «ደረስን ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ይህንኑ ጥያቄ እስከ ማታ 41 ጊዜ እንደ ደጋገመችው ቈጥሬያለሁ። ተሳቢ የሚስብ መኪና በሰፊው ጎዳና እንኳ በሰዓት ከ96 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሄድ ስለማይፈቀድለት፥ የጠፋውን ጊዜ በሩጫ ማካካስ አይቻልም። ስቶንሄንጅ ሥራው ከተጀመረ 5 ሺህ ዓመት ያህል የሆነው ታላቅ ቅርስ ነው። መንገዱ በአጠገቡ ያልፋል፤ በዚያም ስፍራ ስለሚጠብ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ያዘግማል። እኔም የአንድ ሰዓት ጕብኝት የመደብሁለትን ቅርስ ከመኪናው ሳልወርድ በመስኮት አየሁት። ያውም መካከለኛው ልጅ ሁለተኛ ጊዜ እያስመለሰው ስለ ነበር፥ ከድንጋዮቹ ይልቅ የያዝሁለት ከረጢት ትዝ ይለኛል።

ሦስት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ስምንት ሰዓት ፈጀብን። የደረስንበት የተሳቢ ቤቶች ሰፈር በባሕሩ አጠገብ ባለ ሰፊ መስክ ላይ ነው። እሳት ቢነሣ ከአንዱ ወደ አንዱ እንዳይዛመት በየ6 ሜትሩ የቆሙ ቤቶች ናቸው፤ ሁሉም ነጭ፥ ሁሉም አንድ ዐይነት። ልክ ስንቆም ዝናቡ ጀመረ። ቤቱን በውሃ ልክ ማስተካከል፥ እግሮቹን ማውረድ፥ ጋዝ ማገናኘት አለ። ውሃው ከቧንቧ የሚመጣው 40 ሊትር በሚይዝ በርሜል ነው፤ በርሜሉም በምድር ላይ እንደ መንኰራኵር እየተንከባለለ ስለሚጐተት ልጆቹ ከሁሉ ይልቅ የወደዱት እርሱን ነው። የመጸዳጃው ሣጥን ደግሞ በየዕለቱ ወጥቶ በተለየ ስፍራ ይደፋል። ይህ ሹመት ለማን እንደ ደረሰ፥ አንባቢዬ፥ አትጠይቀኝ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዲግሪዬ እንዳላዳነኝ ብቻ ዕወቅ።

በመጀመሪያው ሌሊት ብርድ ስለ ጸናብኝ በወለሉ ላይ ያገኘሁትን የነፋስ መግቢያ በፎጣ ወተፍሁት። እኅቴ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «አገር ቤት ከሰል ለኩሶ፥ ቤት ዘግቶ የሚተኛ ሰው ምን እንደሚሆን አልሰማህም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጋዝ በሚነድበት ጠባብ ቤት የአየር መተላለፊያው ከተዘጋ፥ ያው ሽታ የሌለው ገዳይ አየር ይከማቻል። ፎጣዬን አንሥቼ ጋቢዬን ደረብሁ።

እሑድ ሙሉ ቀን ዘነበ። ስድስት ሰው ወርዱ ከሁለት ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ቤት ውስጥ ሲውል፥ አንዱ ጫማውን ለማሰር ሌሎቹ መነሣት አለባቸው። መካከለኛው ልጅ ውሃ እንዲያስሞላ ከትልቋ ጋር ተልኮ አንድ ውሻ ሲከተል በርሜሉን ባዶውን ትቶት መጣ፤ በዚያም ላይ የአንድ እግሩን ቦት ጫማ ጣለው። እርሱን ፍለጋ ከመሸ በኋላ ተመለስን፤ እራትም ዘገየ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ አማቼ ደክሞት በአማርኛ፥ «ይህ ልጅ ባይኖር እኮ እስካሁን ሁሉንም ዐይተን ነበር። በመንገድም እርሱ፥ እዚህም እርሱ» አለ። እኔም ሠሌዳዬን ሽቅብ ተመልክቼ፥ «እውነት ነው ጋሼ» አልሁ። እኅቴ ዝም አለች። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ቢነቁም አማርኛ አይሰሙም ብለን ነው የተናገርነው።

ሰኞ ማለዳ ነቅተን ብንቈጥራቸው ልጆቹ ሁለት ናቸው። የመካከለኛው አልጋ ባዶ ነው፤ በሩም ገርበብ ብሏል። ውጭው ጭጋግ ለብሷል፤ ከጭጋጉ በታች የባሕሩ ድምፅ ይሰማል። በመስኩ ዳር ያለው የእግር መንገድ ወደ ገደሉ አፋፍ እንደሚያወጣ ሁላችንም እናውቃለን። አማቼ በባዶ እግሩ ወደ ዋናው በር ሮጠ፤ እኔ ወደ ገደሉ ሮጥሁ። በዚያ መንገድ ላይ የልጁን ስም ስጠራ፥ ትናንት ማታ «እውነት ነው» ያልሁበት ድምፄ በጆሮዬ ይመላለስ ነበር። አንባቢዬ ሆይ፥ እንዲህ ያለውን ሩጫ አንተን አይግጠምህ።

ልጁን ያገኘችው ትልቋ እኅቱ ናት። እኛ ስንሮጥ እርሷ ዝቅ ብላ ሣሩን አየች። በርሜሉም ከስፍራው እንደ ሌለ አስተዋለች። ጤዛ ባለበት ሣር ላይ የተንከባለለ በርሜል እንደ መንገድ ያለ ምልክት ይተዋል። ምልክቱን ተከትላ ሦስት ረድፍ ቤት አልፋ፥ በመስኩ ማዶ ካለው ቧንቧ አጠገብ አገኘችው። በአንድ እግሩ ቦት፥ በሌላው ካልሲ ብቻ አድርጎ በርሜሉ ላይ ተቀምጧል። በርሜሉን እስከ አፉ ሞልቶታል፤ ዳገቱን ግን ሊገፋው አልቻለም፤ ቢመለስም ከነጫጮቹ ቤቶች የትኛው የኛ እንደ ሆነ ጠፍቶበታል። አባቱ ሲደርስ ልጁ ተነሥቶ ቆመና፥ ከዚያ በፊት ከአፉ ሰምተነው በማናውቀው አማርኛ፥ «ውሃ ሞላሁ። አሁን አልዘገየንም፥ አይደል?» አለው።

ሁሉን ሰምቷል። ሌሊቱንም አስቦበት አድሯል። አማቼ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እርጥብ ሣር ላይ ተንበርክኮ የልጁን እግር በሹራቡ ጠቅልሎ ተሸከመው። እኔም በርሜሉን እየገፋሁ ከኋላ ተከተልሁ፤ ሠሌዳዬ ላይ የዚያ ሰዓት ክፍለ ጊዜ ምን እንደ ነበር ዛሬ አላስታውስም።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ነገር አደረግን። አንደኛ፥ የእኅቴን ባለ ጥለት ነጠላ በመስኮቱ ላይ ሰቀልነው፤ ማንኛውም ልጅ ከሩቅ ዐይቶ «የኛ ቤት ይህ ነው» እንዲል። ሁለተኛ፥ ሠሌዳዬን ከግድግዳው አነሣሁት፤ ትልቋም በጀርባው ሥዕል ሣለችበት። የቀረውን ቀን በመካከለኛው ልጅ እርምጃ ልክ ኖርን። ከአሰብናቸው ስድስት ስፍራዎች ያየነው አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱን ግን አየነው።

ስፍራው ላይም ሪጂስ ከተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለው ጠጠራማ የባሕር ዳር ነው። ይህ ዳርቻ ከሌላው ጋር ተጨምሮ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመቱ በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ምክንያቱም ገደሉ በተናደ ቍጥር ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ እንስሶች ወደ ድንጋይነት ተለውጠው ይወድቃሉ። ሜሪ አኒንግ የተባለችው የአናጢ ልጅ በ1799 የተወለደችው በዚያች ከተማ ነው። አባቷ በሞተ ጊዜ ቤተ ሰቡ ድኻ ስለ ነበር እነዚህን ድንጋዮች እየለቀሙ ይሸጡ ነበር። ገና 12 ዓመት ያህል ሳለች ወንድሟ የአንድ ትልቅ የባሕር አውሬ ራስ አገኘ፤ የቀረውን አካል በቀጣዩ ዓመት እርሷ አገኘችው፤ ኋላም ሊቃውንት ሥራዋን የሚፈልጉት ሴት ሆነች። ስለዚህች ልጅ ለእኅቴ ልጆች ነገርኋቸው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚሞላ የሚጐድልበትን ሰዓት ጠይቀን፥ ከገደሉም ሥር ርቀን ሄድን።

እኛ ትልልቆቹ ወደ ፊት እያየን ስንራመድ አንዳች አላገኘንም። ያ የሚዘገየው ልጅ ግን በየሦስት እርምጃው ጐንበስ እያለ መጣና፥ አንድ ነገር በመዳፌ አኖረልኝ። እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ፥ ከአምስት ሳንቲም ገንዘብ የማይበልጥ፥ አሞናይት የሚሉት ቀንድ አውጣ የሚመስል ድንጋይ ነበር። ልጁ ብዙ ጊዜ የዘገየው እንዲህ ያለውን ሲያይ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ማታም ዝናቡ ጣራውን ሲመታ ቆሎ እየቆረጠምን «ተረት ተረት» ስል፥ «የላም በረት» ብሎ የመለሰልኝ እርሱ ነው፤ እናቱ ሚጣን ስታስተኛ ሰምቶ ይዞት ኖሯል።

እንግዲህ አንባቢዬ፥ አንተ ተሳቢ ቤት የለህም፤ እኔም የለኝም። ነገር ግን በዓል ሲደርስ ታናናሾችህን ይዘህ በአውቶቡስ ወደ ወላጆችህ ትሄድ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ምክር ልስጥህ። የመንገዱን ሰዓት ስትገምት የትንሹን ልጅ ረኀብ፥ ሽንትና እንቅልፍ ጨምረህ ገምት። የሚያስመልሰውን ልጅ ከፊት፥ ወደ ውጭ በሚያይበት በኩል አስቀምጠው፤ ሆዱንም አታጣብበው። ለእያንዳንዱ ልጅ በዐቅሙ አንድ ሥራ ስጠው፤ ሥራ ያለው ልጅ «ደረስን ወይ?» አያበዛም። በማያውቁት ስፍራ ስታርፉ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ምልክት ይኑራችሁ። ከሁሉም በላይ ግን፥ በማናቸውም ቋንቋ ቢሆን፥ ስለ ልጁ በልጁ ፊት ሸክም እንደ ሆነ አትናገር። አይሰማም ያልኸው ሰምቶ ያድራል።

እኔም ትምህርት ቤት ሲከፈት ክፍሌ ገብቼ የኋላውን ረድፍ ከወትሮው ይልቅ ረዘም አድርጌ ተመለከትሁ። በየጊዜው «ትምህርቱን አዘገያችሁብኝ» ብዬ የተቈጣኋቸው ልጆች አሉ። ትምህርቱን በእነርሱ ልክ መምራት እንደማይቀል ዐውቃለሁ፤ ፈተናው ቀን አለው፥ መጽሐፉም ገጽ አለው። ሆኖም ከነርሱ አንዱን ጠርቼ ምን እንዳስቸገረው ብጠይቀው፥ ስንት ጊዜ ሳልጠይቀው እንደ ቀረሁ ቈጭቶኛል።

ያ ሠሌዳ ዛሬ በክፍሌ ግድግዳ ላይ በጀርባው ተለጥፏል። በሥዕሉ ላይ ብዙ ነጫጭ ቤቶች አሉ፤ በአንደኛው መስኮት ባለ ጥለት ነጠላ ተሰቅሏል፤ ከደጁም ከቁመቱ የሚበልጥ በርሜል የሚገፋ ልጅ አለ። እንግዳ ሲመጣ «ይህ ምንድን ነው?» ይለኛል። «የክረምት ጕዞዬ ሠሌዳ ነው» እለዋለሁ። ለሳምንቱ ያድርሰን።